ትሕትናና ቅናት በመሪ ልብ

ሰው ብቻውን መኖር የማይችል ፍጡር ስለ ሆነ፣ ሁለትም ሦስትም ሆኖ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ አንዱ መሪ፣ ሌላው ተመሪ መሆኑ አይቀርም። በቤት ውስጥ አባትና እናት፣ በትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ፣ በክፍል ውስጥ የክፍል አለቃው፣ በኳስ ሜዳ የቡድኑ አምበል፣ በቤተ ክርስቲያንም የደብሩ አለቃ ይመራል። ስለ መሪነት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው፣ መሪው ዕውቀት አለው ወይ? ጉልበት አለው ወይ? ንግግር ያውቃል ወይ? የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እወዳለሁ። ይኸውም፣ በመሪው ፊት ሌላ ሰው ሲመሰገን የመሪው ልብ ምን ይላል? የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ የመሪውን ብቻ ሳይሆን የተመሪዎቹንም ዕጣ የሚወስን መሆኑን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአገራችን ታሪክ በወሰድኋቸው ምሳሌዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ የቃላቱን ትርጕም መለየት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ቅናት» የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። ነቢዩ ኤልያስ ለእግዚአብሔር ቀና ሲባል፣ ስለ እውነት ተቈረቈረ ማለት ነው፤ ጓደኛው በሒሳብ ከመቶ መቶ ሲያገኝ አይቶ «እኔም ተግቼ አጠናለሁ» የሚል ተማሪም ቀና ይባላል። ይህ ቅናት ሰውን ወደ ሥራ የሚያነሣሣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ሁለተኛው ቅናት ግን ወንድሙ ያገኘውን እርሱም ለማግኘት ሳይሆን፣ ወንድሙ ያገኘውን እንዲያጣ የሚመኝ ነው፤ ይህንንም ሕዝባችን ምቀኝነት ይለዋል። የመጀመሪያው ቅናት በአንድ ጎበዝ ምክንያት ሁለተኛ ጎበዝ ያስገኛል፤ ሁለተኛው ግን የነበረውንም አንዱን ያጠፋል። ከዚህ በኋላ ቅናት ስል ይህን ሁለተኛውን ማለቴ ነው።

ትሕትናም እንዲሁ በብዙዎች ዘንድ በስሕተት ይተረጐማል። ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታ የሚለቅ ሰው ትሑት ይባላል። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ወገብ ሲጎነብስ ልብ ሊታበይ ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመሪ ዘንድ ትሕትና ማለት የያዘው ሹመት የራሱ ርስት ሳይሆን ከእግዚአብሔር በአደራ የተቀበለው መሆኑን ማወቅ ነው። ሹመቱን እንደ ርስቱ የሚቈጥር ሰው፣ ጎበዝ በመጣ ቍጥር ርስቱን ሊነጥቀው የመጣ ይመስለዋል፤ አደራ መሆኑን የሚያውቅ ግን፣ ጎበዝ በመጣ ቍጥር የሚያግዘው ሰው በማግኘቱ ይደሰታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው የቆየ ተረት ሹመትን እንደ ርስት የሚያይ ልብ ያወጣው ነው። ቅናትም የሚወለደው ከዚሁ ልብ ነው።

ይህንንም ለመረዳት ከእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ከሳኦል ታሪክ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሳኦል ሲጀምር ክፉ ሰው አልነበረም። ነቢዩ ሳሙኤል ስለ መንግሥት በነገረው ጊዜ፣ ነገዱ ብንያም ከነገዶች ሁሉ ያነሰ፣ ወገኑም ከወገኖች ሁሉ የተናቀ መሆኑን ገልጾ መልሶለት ነበር። ዕጣ በወጣበትም ቀን ከዕቃ መካከል ተደብቆ ተገኘ። አንዳንድ ሰዎች በናቁት ጊዜ ዝም አለ፤ ጠላቱን አሸንፎ ሕዝቡ እነዚያን ሰዎች እንግደላቸው ባለ ጊዜም፣ በዚህ ቀን ማንም አይሞትም ብሎ ከለከለ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ፣ ትሑት ንጉሥ አገኘን ሳይል አልቀረም።

ነገር ግን ዓይን አፋርነትና ትሕትና አንድ አይደሉም። የሳኦል ልብ የተፈተነው ጎልያድ የወደቀ ዕለት ነው። ሴቶች ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ ሲወጡ ለሳኦል የሺህ፣ ለዳዊት የዐሥር ሺህ ጀግንነት ቈጠሩ። እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። በዚያ ዘፈን ሳኦል አልተሰደበም፤ እንዲያውም ተመስግኗል። ጠላቱ ሞቷል፤ አገሩ ድኗል፤ ዙፋኑም ጸንቷል። ከእርሱ የጐደለው ነገር አንድም አልነበረም። ያስቈጣው የሌላው ምስጋና መብለጡ ብቻ ነው። ከዚያችም ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ይመለከተው ነበር ይላል መጽሐፉ። ቅናት ከማጣት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ለድሃ ብቻ በሆነ ነበር፤ እነሆ ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ያዘው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቅናት በመሪ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ደረጃ በደረጃ ያሳየናል። መጀመሪያ ሳኦል ምስጋናን ከምስጋና ጋር አወዳደረ። ቀጥሎ ዳዊትን መጠባበቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በገና ሲደረድርለት ሳለ ጦር ወረወረበት። በመጨረሻም የገዛ ልጁ ዮናታን ስለ ዳዊት ቢናገር በእርሱም ላይ ጦሩን ሰነዘረ። ቅናት ያደረበት መሪ ጠላቱንና ወዳጁን የሚለይበት ዓይን ይጠፋበታል።

ደግሞም እውነት የሚነግረው ያጣል። ሳኦል አንድ ቀን ባለሟሎቹን ሰብስቦ፣ የሚነግረኝና የሚያዝንልኝ ሰው የለም እያለ ወቀሳቸው። በዚህ ጊዜ ኤዶማዊው ዶይቅ ነገር ይዞ ቀረበ፤ በእርሱም ወሬ የኖብ ካህናት ተፈጁ። ይህ ነገር እጅግ የሚያስተምር ነው። ቅን ሰዎች በፈሩበትና ዝም ባሉበት ግቢ ነገር አመላላሽ ይሾማል። መሪው የሚወደውን ብቻ እየሰማ ስለሚኖር፣ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ ጢሱን የሚያሳየው አይገኝም።

ትልቁን ኪሣራ የከፈለው ግን ሕዝቡ ነው። ሳኦል አንድ ሰው ለመያዝ 3000 የተመረጡ ወታደሮች አስከትሎ በዓይንጋዲ ምድረ በዳ ተንከራተተ። ከዚያም አስቀድሞ በማዖን ምድረ በዳ ዳዊትን ሲያሳድድ ሳለ፣ ፍልስጥኤማውያን አገሩን እንደ ወረሩ የሚነግር መልእክተኛ ደረሰበት። ጠላት በበር ገብቶ ሳለ የአገሩ ሠራዊት የራሱን ጀግና እያደነ ነበር። የመሪ ቅናት የግል ኀጢአት ብቻ ሆኖ የማይቀረው ስለዚህ ነው። ተራ ሰው ቢቀና ራሱን ያቃጥላል፤ መሪ ሲቀና ግን በእጁ ያለውን ኀይል ሁሉ ከተገቢው ሥራ አንሥቶ በአንድ ጎበዝ ላይ ያውለዋል።

አሁን ደግሞ በዚያው ቤት የነበረውን ሌላውን ሰው እንመልከት። ዮናታን የሳኦል ልጅና አልጋ ወራሽ ነበረ። በዳዊት መነሣት ብዙ የሚያጣው ከአባቱ ይልቅ እርሱ ነው፤ አባቱስ ነግሦ ጠግቧል። ዮናታንም ተራ ሰው አልነበረም፤ በማክማስ ከጋሻ ጃግሬው ጋር ብቻውን ወደ ጠላት ሰፈር ወጥቶ ድል ያደረገ ጀግና ነው። ሆኖም ዳዊትን ባየው ጊዜ የለበሰውን ካባ አውልቆ ሰጠው፤ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውንም ጨመረለት። በኋላም በምድረ በዳ ፈልጎ አገኘውና፣ አንተ ትነግሣለህ፣ እኔም ከአንተ በታች ሁለተኛ እሆናለሁ የሚል ቃል ሰጥቶ አበረታታው።

አባትና ልጅ አንድ ድል አዩ፤ አንድ ዘፈን ሰሙ። አንዱ ጦር ሲወረውር ሁለተኛው ካባውን አወለቀ። ዮናታን ሁለተኛ ለመሆን እንኳ አልታደለም፤ ከአባቱ ጋር በጊልቦዓ ተራራ ወደቀ። ነገር ግን ዳዊት ስለ እርሱ አለቀሰ፤ ሽባ ሆኖ የቀረውን ልጁንም ፈልጎ ከማዕዱ አስቀመጠው። ሳኦል ዙፋኑን አጥብቆ ይዞ ስሙን አጣ፤ ዮናታን ግን ዙፋኑን ለቅቆ እስከ ዛሬ የወዳጅነት ምሳሌ ሆኖ ይጠራል።

ቅናት ሁልጊዜ ከመሪው ልብ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በተከታዮቹ አፍ ተሸክሞ ይመጣል። ሙሴ 70 ሽማግሌዎች በሰበሰበ ጊዜ ኤልዳድና ሞዳድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በሰፈር ቀርተው ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱም እንዲከለክላቸው ጌታውን ለመነ። ሙሴ ግን፣ ስለ እኔ ትቀናለህን ብሎ ገሠጸው፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢይ ቢሆን እንደሚወድም ነገረው። የዮሐንስ መጥምቅም ደቀ መዛሙርት እንዲሁ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኢየሱስ እየሄደ ነው ብለው ተቈጥተው ነገሩት። ዮሐንስ ግን ራሱን ከሚዜ ጋር አመሳስሎ፣ የሙሽራው መላቅና የእርሱ ማነስ እንደሚገባ አስረዳቸው። በአገራችን ሠርግ ያየ ሰው ይህን ምሳሌ በቀላሉ ይረዳዋል። ሚዜ ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል፤ ይዘፍናል፤ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ሙሽራው ሲደሰት እርሱም ይደሰታል እንጂ ሙሽራዪቱን ለምን ወሰደ ብሎ የሚቀና ሚዜ የለም።

ስለዚህ «ያ ሰው እኮ ከአንተ በላይ ሊሆን ነው» እያሉ ወደ መሪ ጆሮ የሚቀርቡ ሰዎች ወዳጆቹ አይደሉም። መሪውም እንደ ሙሴ ገሥጾ ካልመለሳቸው፣ ውሎ አድሮ እንደ ሳኦል ዶይቅን ይሾማል። የሙሴ ተግሣጽ ፍሬ አፍርቷል፤ ያ ስለ ጌታው የቀናው ወጣት ኢያሱ በኋላ ራሱ የሕዝቡ መሪ ሆኗል። ሙሴም የመሞቻው ጊዜ ሲደርስ የለመነው ለስሙ መታሰቢያ እንዲቆምለት ሳይሆን፣ ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይሆን የሚተካው ሰው እንዲሾም ነው። እጁንም በኢያሱ ላይ ጭኖ ሥልጣኑን በሕዝብ ፊት አስረከበ።

እዚህ ላይ ምናልባት «ትሑት መሪ ደካማ ይሆናል፤ ሰው ይንቀዋል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በምድር ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት ነበር የተባለለት ይኸው ሙሴ፣ በፈርዖን ፊት ያለ ፍርሃት የቆመ፣ ሕዝቡ ጣዖት ባመለከ ጊዜም ጽላቶቹን የሰበረ ሰው ነው። ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሕዝቡ ነገር ሲሆን ብርቱ ነበር፤ ስለ ገዛ ክብሩ ሲሆን ግን ዝም ይል ነበር። እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ባሙት ጊዜ አልተከራከረም፤ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ ግን ስለ እርስዋ ጮኾ ጸለየ። ሳኦል በተቃራኒው ስለ ክብሩ ሲሆን ብርቱ፣ ስለ ሕዝቡ ሲሆን ደካማ ነበር።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሥራ ነው። በመጨረሻዪቱ ማዕድ ደቀ መዛሙርቱ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ተከራክረው ነበር። እርሱ ግን ከማዕድ ተነሥቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ በመታጠቢያ ውኃ ጨምሮ እግራቸውን አጠበ። ሊክደው ያለውን የጴጥሮስን፣ አሳልፎ ሊሰጠው ያለውን የይሁዳንም እግር አልተወም። ይህን ያደረገው ማን መሆኑን ረስቶ አይደለም፤ ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው፣ ከእግዚአብሔር ወጥቶ ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ እያወቀ ነው። ማንነቱን በርግጥ የሚያውቅ ሰው ዝቅ ቢል የሚያጣው ነገር የለም። በማግሥቱ አሳልፈው የሰጡት ሰዎች በቅናት እንዳደረጉት፣ አረማዊው ገዥ ጲላጦስ እንኳ ሳይቀር አውቆ ነበር። እንግዲህ ትሕትና እግር ሲያጥብ፣ ቅናት ጌታውን እስከ መስቀል እንዳደረሰ እናያለን። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ የሕፅበተ እግር ሥርዓት ትፈጽማለች፤ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ያጥባሉ። ይህ ሥርዓት በየዓመቱ የሚደገመው፣ ሰው ሹመት በቶሎ የሚያስታብየው ስለ ሆነ ይመስለኛል።

የአገራችን ታሪክም በዚህ ነገር ባዶ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ፣ በናግራን መከራ ለተቀበሉት ክርስቲያኖች ደርሶ ድል አደረገ። ትውፊታችን እንደሚነግረን፣ ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነነ። ስለ ቅዱስ ላሊበላም ገድሉ የሚተርከው ከዚህ ርእስ ጋር እጅግ የተያያዘ ነው። በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት እናቱ የንግሥና ምልክት ነው አለች፤ ስሙም ከዚያ የወጣ ነው። ይህ በተሰማ ጊዜ በንጉሡ በሐርቤ ቤት ቅናት ገባ፤ መርዝ እስከ ማጠጣትም ተደረሰ። ነገር ግን ሐርቤ እንደ ሳኦል እስከ መጨረሻው አልጸናበትም፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በተረዳ ጊዜ ዙፋኑን ለወንድሙ ለቀቀ። በላስታ የሚገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በላሊበላ ስም ይጠራሉ። እኔ ግን እነዚያን ሕንፃዎች ሳስብ ሐርቤንም አስባለሁ። በቅናቱ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋይ ሳይፈለፈል በቀረ ነበር። ቅናትን ድል ማድረግም ራሱን የቻለ ታላቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ትምህርት ቤት እንመለስ። «እኛ ተማሪዎች ነን፤ ሹመት የለንም» የምንል ብዙዎች ነን። ነገር ግን የክፍል አለቃ አለን፤ የክበባት ሰብሳቢዎች አሉን፤ የቡድን አምበል አለን። ከእርሱ የተሻለ የሚያገባውን አጥቂ ኳስ እንዳይደርሰው የሚያደርግ አምበል፣ ቡድኑን በሳኦል መንገድ እየመራ ነው። ፈተና ሲቀርብ ደብተሩን የሚደብቅም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ዓመት የአንድ ክበብ ሰብሳቢ ነኝ፤ ትምህርቴን ስጨርስ ወንበሩን ለሌላ አስረክባለሁ። የሚተካኝ ተማሪ ከእኔ የበለጠ ቢሠራ፣ እኔ በጀመርኩት እርሱ ቢመሰገን፣ የእኔም ስም ቢረሳ ደስ ይለኛል ወይ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርብ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። መልሱን በቃል መስጠት ይቻላል፤ እውነተኛው መልስ ግን የሚታወቀው እርሱ በተመሰገነ ዕለት ነው።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ የበርናባስ ታሪክ የሚስማማ ይመስለኛል። ሁሉ የፈራውን ሳውልን ከሐዋርያት ጋር ያስተዋወቀ፣ በኋላም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ ያመጣው በርናባስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ መጀመሪያ «በርናባስና ሳውል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከቆጵሮስ ጕዞ በኋላ ግን «ጳውሎስና በርናባስ» ወደ ማለት ይዞራል። በርናባስ ስሜ ለምን ወደ ኋላ ሄደ ብሎ እንደ ተከራከረ የሚናገር ቃል አናነብም። ተማሪው ሲበልጠው የሚደሰት መምህር የዚህ ሰው ወገን ነው፤ እንዲህ ያሉ መምህራንም እንዳሉን ስለማውቅ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል ልጨምር። ያዕቆብ ዮሴፍን ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ወድዶ ጌጠኛ ቀሚስ አለበሰው፤ ወንድሞቹም ቀንተው ሸጡት። ልጅን ከልጅ ጋር እያወዳደሩ «እንደ ወንድምህ ለምን አትሆንም?» ማለት ያንን ቀሚስ መልሶ እንደ መስፋት ነው። የነገ መሪ ቅናትን ወይም ትሕትናን አስቀድሞ የሚማረው በቤቱ ነው።

ታዲያ ቅናት በልባችን ሲነሣ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የቀናንበትን ሰው በሌሎች ፊት በግልጽ እናመስግነው፤ ከአፍ የወጣ እውነተኛ ምስጋና ልብን ይስባል። ሁለተኛ፣ ስለ እርሱ በስሙ እንጸልይ፤ ሰው ከልቡ የጸለየለትን ሰው ጠልቶ ለመኖር ይቸግረዋል። ሦስተኛ፣ እንደ ዮናታን ካለን ነገር አንዳች እንስጠው፤ ዕውቀትም ቢሆን፣ ዕድልም ቢሆን። አራተኛ፣ ሥራ ስንጀምር የሚተካንን ሰው አብረን እናዘጋጅ፤ ተተኪውን ያዘጋጀ መሪ ወንበሩ አደራ መሆኑን አይረሳም።

ውድ አንባቢዎች ሆይ! በማሳ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የገብስ ዛላ ብዙ ጊዜ ፍሬ ያልያዘው ነው፤ የያዘው ግን ወደ ምድር ያዘነብላል። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ መምህር፣ ካህን፣ አስተዳዳሪ የሚሆኑ አሉ። በዚያን ጊዜ በፊታችን ሌላ ሰው መመስገኑ አይቀርም። ጦሩም ካባውም ያን ጊዜ በእጃችን ይሆናሉ። ጦሩን አስቀምጠን ካባውን የምናወልቅበትን ልብ እግዚአብሔር ይስጠን።